የረዳት አብራሪው ዋስ

ኑርሑሴን በጓሮ በር ገብቶ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ ከሱቁ በኩል አንድ የማያውቀው ድምፅ ስለ እሱ ሲናገር ሰማ። «ሐጂ፣ እርስዎ ላይ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር የተመደበው በሱቁ አይደለም» ይላል ድምፁ፣ «በልጅዎ ነው። ልጃቸው አውሮፕላን ይነዳል፣ ይህች ለእሳቸው ምናቸው ናት ተብሎ በስብሰባ ተወስኗል።» አባቱ ሐጂ ሙሀመድየሱፍ የመለሱት ነገር አልተሰማውም። የአቡጀዴ ጣቃ ሲጠቀለልና የብረቱ ሜትር ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ብቻ ተሰማ። ከዚያ መዋጮ ሰብሳቢው የደረሰኝ ጥራዙን ይዞ ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፈ። ኑርሑሴን በሱቁና በመኖሪያው መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ፣ በጨው ኬሻና በባዶ የጋዝ በርሜል መሐል ቆሞ ቀረ። መዋጮው ለድርቅ ተጎጂዎች ነው። ለዚያው ጉዳይ ከእሱ ደመወዝ ላይ የአንድ ወር ሙሉ ተቆርጧል፤ ይህም ሳያንስ ለአባቱ ሌላ ዕዳ አምጥቶባቸዋል። የመጣበትን ነገር ገና አፉን ሳይከፍት ጠላው።

የመጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባረፈችው ዳኮታ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ እንደ መንገደኛ ተቀምጦ ነው። አውሮፕላኗ ጎንደርና አክሱም ደርሳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይሄድባታል። በደረት ኪሱ አራት ላይ የታጠፈ የዋስትና ቅጽ አለ። መሥሪያ ቤቱ ለአገር ውስጥ በረራ አዳዲስ ትናንሽ አውሮፕላኖች ገዝቷል፤ እነሱን የሚያበሩ ስድስት ሰዎች ካናዳ ሄደው አራት ወር ይሠለጥናሉ። ከስድስቱ አንዱ እሱ ነው። ሠልጥኖ የመጣ በግራው ወንበር ተቀምጦ ካፒቴን ይባላል፤ ያልሄደ በቀኙ ወንበር እንደተቀመጠ ያረጃል። ኑርሑሴን በቀኙ ወንበር አምስት ዓመት ተኩል ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደመወዝ እንዳይጨመር ታግዶ ነው የቆየው። ቅጹ የሚለው አጭር ነው፦ ሠልጣኙ በተባለው ቀን ባይመለስ ሠላሳ ሺህ ብር የሚከፍል፣ መክፈል ካልቻለ ቤቱን የሚያስረክብ፣ ባለቤትነቱም በቀበሌው ማኅተም የተረጋገጠ አንድ ዋስ ይቅረብ። የመጨረሻው ቀን ነገ ረቡዕ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰው ለምኖ ነበር። አንዱ ቤቱ የሚስቱ እንደሆነ ነገረው፣ አንዱ ታመመ፣ ሦስተኛው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያየው መንገድ ይቀይራል።

እናቱ ኡሙሰልማ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩትና ከስተሃል አሉት። ውስጠኛው ክፍል እንደ ድሮው ነው፤ ግድግዳው በሰማያዊ ኖራ ተቀብቷል፣ ሁለቱ አልጋዎች በጣቃ ጨርቅ ተከበዋል፣ በመስኮቱ በኩል የኋላው ግቢ ይታያል። በዚያ ግቢ ያሉት አራት የኪራይ ክፍሎች በስድሳ ሰባት እስኪወረሱ ድረስ የአባቱ ነበሩ። አሁን በየደጃቸው የማያውቃቸው ሰዎች ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። ታላቅ ወንድሙ ዓብደላ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር በፊት ለፊቱ ክፍል ይኖራል፤ ከወረታ ሽንኩርት እያመጣ ለሆቴሎች ያስረክባል። ሻይ ቀረበ። ስኳር ከቀበሌው ሱቅ በቤተሰብ ሁለት ኪሎ ብቻ እንደሚሰጥ ተወራ። ውጭ ያለው ስኳር ግን በእጥፍ ነው ተባለ። የሐሙሲት መንገድ በዝናቡ ተቆርጦ እንደነበር፣ አንድ መኪና ሽንኩርት እንዳለ መበስበሱ ተወራ። ማክሰኞ ቀን ለምን እንደመጣ ግን የጠየቀው የለም። ኑርሑሴንም ወሬው ጋብ ባለ ቁጥር ልናገር ይልና ሌላ ሰው ሌላ ዋጋ ያነሳል። በመጨረሻ ቅጹን አውጥቶ ዝም ብሎ አባቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አንድ ጊዜ አነበቡት፣ አገላብጠው ጀርባውን አዩ፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት። ዓብደላ ከአባቱ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ሠላሳ ሺህ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

«ማኅተሙን አስመትተህ አምጣው» አሉ ሐጂ፣ ወረቀቱን እየመለሱ። «ከዚያ እናያለን።»

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ያለችው አግዳሚ ሞልታ ነበር። አንድ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፤ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ኑርሑሴን ያወቃቸው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ አውቆ ቢሆን ኖሮ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የወንድማቸው ልጅ መርስዔ ኀዘን የኑርሑሴን የክፍል ጓደኛ ነበር። አንድ ቀን ተፈትነው፣ አንድ ቀን አልፈው፣ አንድ ላይ ነው የበረራ ትምህርት ቤት የገቡት። የዛሬ ሦስት ዓመት መርስዔ ኀዘን ለሥልጠና ውጭ ሄደና አልተመለሰም። ዋሱ መሪጌታ ነበሩ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከአባታቸው የወረሱትን ባለ ሦስት ክፍል ቤት አስረከቡ። ቀበሌው ቤቱን ሲያከፋፍል አንደኛዋን ክፍል ለእሳቸው አከራያቸው። ዛሬ የመጡት የዚያችን ክፍል የወር ኪራይ፣ ስድስት ብር፣ ለመክፈል ነው። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ላይ ምንም የለም፤ የቀን መቁጠሪያ የሚያነቡ ይመስላሉ።

«ይጽፍልሃል?» አሉት።

«አልፎ አልፎ ነው፣ መሪጌታ።» የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሰው ባለፈው ሳምንት ነው። መርስዔ ኀዘን አሁን በአንድ የዓረብ አገር ያበራል፤ እዚህ በዓመት የሚከፈለውን እዚያ በአንድ ወር ተኩል እንደሚያገኝ፣ ለኑርሑሴንም ቦታ እንዳለ፣ ካናዳ ከገባ ቀሪውን እሱ እንደሚጨርስለት ጽፎለታል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቦ አቃጥሎታል።

«ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

መሪጌታ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «በቤቱ አልተቀየምሁትም። ሲሄድ ግን፣ ነሐሴ ላይ እመጣለሁ፣ ፍልሰታን አብረን እንጾማለን አለኝ። እኔም ኮሚቴው ፊት ቀርቤ፣ ልጁ በነሐሴ ይመጣል ብዬ ማልሁ። ካህን ነኝ እኮ። እንደማይመለስ ቢነግረኝ ያው እፈርምለት ነበር፤ አልምልም ነበር እንጂ።» ከዚያ ዓይናቸው በኑርሑሴን እጅ ወዳለው ወረቀት ወረደ። «ቅጹን አልቀየሩትም» አሉ።

የኑርሑሴን ስም ተጠራ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አለበል ከጠረጴዛው ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ ጓድ ካፒቴን አለው፣ ወንበር አስመጣለት። ኑርሑሴን ካፒቴን እንዳልሆነ፣ ረዳት እንደሆነ ነገረው። አለበል፣ አውሮፕላኑ ያው አንድ አይደለም ወይ ብሎ ሳቀ። ከዚያ መዝገብ ገልጦ የሐጂ ሙሀመድየሱፍ መዋጮ እንዳልገባ፣ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ቤት ደግሞ ማኅተም እንደማይመታለት አስረዳው። ኑርሑሴን መዋጮው የተመደበው በእሱ ደመወዝ ግምት መሆኑን ሰምቻለሁ አለ፤ ግምቱ ስህተት እንደሆነ፣ ደመወዙ የሚሻሻለው ይህ ሥልጠና ከተገኘ ብቻ እንደሆነ፣ ሥልጠናው ያለ ዋስ፣ ዋሱ ያለ ማኅተም፣ ማኅተሙ ያለ መዋጮ ካልተገኘ ነገሩ ክብ ሆኖ እንደሚቀር እየተነተነ ነገረው። አለበል በጥሞና ሰማው፤ አንገቱንም ነቀነቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ልክ ነህ» አለ። «እኔም የተሰጠኝ ኮታ አለ።» አንድ ሰዓት ተኩል ከተከራከሩና ጸሐፊው ለሻይ ወጥቶ እስኪመለስ ከተጠበቀ በኋላ መላ ተገኘ። ኑርሑሴን ሦስት መቶ ሃምሳው ብር በአምስት ወር ከደመወዙ እንዲቆረጥ ፈቃዱን በጽሑፍ ሰጠ፤ ማኅተሙም ተመታ። ሲወጣ መሪጌታ ኪራያቸውን ከፍለው ሄደዋል። አግዳሚዋ ላይ በቦታቸው ሌላ ሰው ተቀምጧል።

በዋናው መንገድ፣ በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ቤቱ ሲመለስ በልቡ የሚጨቃጨቀው ከአለበል ጋር ነበር፤ ትንሽ ሲቆይ ከመሪጌታ ጋር ሆነ። የተናደደው በራሱ ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሣ የያዘው ዕቅድ ቀላል ነበር፦ አስፈርሞ መሄድ። መመለስ አለመመለሱን እዚያ ደርሶ ያስብበታል። ዋሽ ያለው የለም፤ አባቱ ካልጠየቁት ምን ውሸት አለ? አሁን ግን ያ ሽማግሌ፣ ሳይወቅሰው፣ ሳይመክረው፣ የራሱን ነገር ብቻ ተናግሮ ዕቅዱን አበላሸበት። ደግሞ እኮ መልሱን ራሱም አያውቀውም። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ከጣና በላይ ከፍታ ሲቀንሱ ደሴቶቹ አንድ በአንድ ከጉም ሲወጡ፣ ይህን ትቼ የት እሄዳለሁ ይላል። በወር መጨረሻ ደግሞ፣ ከጓደኛው ጋር በተከራያት ክፍል ተቀምጦ ሁለቱ ሸሚዞቹ ላይ የማዕረግ ምልክት ሲያፈራርቅ፣ ነገ በሄድሁ ይላል።

ምሳ ቀርቦ ነበር፤ የዓሣ ወጥ። ሐጂ ሱቁን ገርበብ አድርገው ገቡ። ዓብደላም ተመልሷል፤ እጁን ታጥቦ ከኑርሑሴን ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወደ ሌላው ክፍል ወጣች። ሐጂ የተመታበትን ማኅተም አይተው ወረቀቱን አጠገባቸው አስቀመጡ፤ እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ከላዩ አኖሩ።  እናቱ ካጎረሱት በኋላ እጃቸው ወጡ ላይ እያለ ኑርሑሴን ተናገረ።

«አባየ፣ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። እመለሳለሁ ብዬ ልምልልዎ አልችልም። አልመለስም ማለቴም አይደለም። አላውቀውም።»

የኡሙሰልማ እጅ ባለበት ቀረ። ቀድሞ የተናገረው ዓብደላ ነው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ይህንን ነበር ከጠዋት ጀምሮ የምጠብቀው» አለ። «ለመሆኑ ምን ጎደለህ? እኛ እዚህ ከኬሻ ጋር ስንታገል አንተ ደመና ላይ ተቀምጠህ ትበላለህ። በበዓል ብቅ ትላለህ፣ ጫማህ ያበራል፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ይቀበልሃል። ይህ ቤት የቀረን አንድ ቤት ነው። ሦስት ልጅ አለኝ እዚህ።»

«ስንት የሚከፍሉኝ ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሁለት ሺህ። ከዚያም በላይ ይሆናል።»

«ስድስት መቶ ሰማንያ አምስት ነው። ግብሩ፣ ጡረታው፣ የእናት አገር ጥሪው፣ የድርቁ፣ የማኅበሩ ሲነሣ እጄ የሚገባው አራት መቶ ሃያ ነው። መቶ ሃያውን ለእማየ እልካለሁ። ለቤት መቶ አሥር እከፍላለሁ። ጫማውን የሰጠኝ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ። ዛሬ ደግሞ የአባየን መዋጮ ከደመወዜ እንዲቆርጡ ፈርሜ መጥቻለሁ።»

ዓብደላ የያዘውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው። በአንድ ወር ሽንኩርት እሱ የሚያገኘው ከዚህ ይበልጣል፤ ይህን በልቡ ሲያሰላ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ደስ እንዳይለው ያፍራል፣ እንዳያዝንም ንዴቱ ገና አልበረደለትም። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ወንድሙ ቀንቷል። ሚስቱ አዲስ ነጠላ ስትጠይቀው፣ አብራሪ ወንድም እያለህ እያለች ነው። ሽንኩርቱ የበሰበሰበት ጊዜ ለኑርሑሴን ሁለት ሺህ ብር አበድረኝ ብሎ ጽፎለት፣ የለኝም የሚል መልስ አግኝቶ፣ ደብዳቤውን ለሰው ሁሉ አሳይቷል። «ለምን አልነገርኸንም?» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ክስ አድርጎ።

«የጠየቀኝ የለም።»

«የሌለህን መቶ ሃያ ብር ማን ላክልኝ አለህ?» አሉ እናቱ፤ ተቆጥተዋል። «እኔ እኮ ተርፎት ነው ብዬ፣ ለጎረቤት ሳይቀር እበትናለሁ።» ተነሥተው ትሪውን አነሡት፤ የበቃውም ያልበቃውም አልተጠየቀም።

ሐጂ ሙሀመድየሱፍ እስክሪብቶውን አንሥተው ክዳኑን ከፈቱ። ሁሉም አዩአቸው። «አሁን የነገርኸንን ሰማሁ» አሉ። «ከእንግዲህ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። እመለሳለሁ በለኝ። እውነትም ይሁን ውሸት አልመረምርህም፤ አንተ ካልህ ለዓብደላ የምለው አገኛለሁ።»

ቀላል ነበር። ኑርሑሴን አፉን ከፈተ። ከሐይቁ በኩል የሞተር ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ከጎንደር የመጣችው ዳኮታ ናት፣ ከሰዓቷ ሃያ ደቂቃ ቀድማለች። የግራው ሞተር ትንሽ እንደሚቆራረጥ ከዚህ ሆኖ ለየው። መናገር አልቻለም። በረንዳው ላይ ያያቸው ሽማግሌ ፊቱ ላይ ድቅን ብለዋል። አባቱ ድምፁ ከቤቱ ጣራ በላይ አልፎ እስኪርቅ ድረስ ጠበቁት፤ ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን መለሱት።

«ቤቱን ለእኔ ስጡኝ ብትለኝ ወንድምህን ለምኜ እሰጥህ ነበር» አሉ። «ለእነሱ ስጡልኝ አትበለኝ።»

ኑርሑሴን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የእናቱን ጉልበት ስሞ፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ዓብደላ እስከ በሩ ተከትሎት መጣ፤ የሚለው ነገር ያለ መስሎ ቆመ፣ ግን ያለው፣ ጋሪው ሃምሳ ሳንቲም ነው፣ ሰባ አምስት ካሉህ እንዳትሰጥ፣ ብቻ ነው። ጋሪው ላይ ወጥቶ ሊሄድ ሲል ሐጂ ሱቃቸውን ቆልፈው መጡ። በሥራ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ ያ ሱቅ ተቆልፎ አይታወቅም። ወጥተው ከአጠገቡ ተቀመጡ። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ የተነጋገሩት ሁለት ነገር ነው፦ የጋሪው ፈረስ ጫማ እንደሚያስፈልገው፣ የዘንድሮው ዝናብ ለጤፍ እንደበዛ።

ሐጂ ልጃቸው የሚሠራበትን አውሮፕላን በቅርብ አይተው አያውቁም። ዳኮታዋ ከሽቦው ማዶ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ቆማለች፤ ሰዎች በትንሹ መሰላል ይወጣሉ፤ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላለች፣ ሁለት ወታደሮች አንድ የታመመ ጓደኛቸውን ደግፈዋል፣ አንድ ነጋዴ ዘንቢሉን ተቀማሁ ብሎ ይነታረካል። ካፒቴን ሣህሉ ጎማውን በእግሩ እየነካ ይዞራል። ሃያ ሁለት ዓመት ያበረረ ሰው ነው፤ ኑርሑሴንን በቀኙ ወንበር ያሠለጠነው እሱ ነው። ሲያያቸው ጓንቱን አውልቆ ወደ ሽቦው መጣ፣ ለሐጂ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ኑርሑሴን መለሰ።

«ወረቀቱስ?»

«አልተፈረመም።»

«እንዴት አይፈረምም? እኔ እኮ ስምህን ያስገባሁት ተከራክሬ ነው። ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ይተኩብሃል፤ ከዚያ ደግሞ መቼ እንደሚገኝ እንጃ። ምን አሉህ?»

«እኔ ነኝ የከለከልሁት» አሉ ሐጂ። ከሽቦው ወዲህ ቆመው፣ በሁለት እጃቸው ሽቦውን ይዘዋል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ካፒቴን። ልጄ ጥሩ ነጂ ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው፣ ሐጂ። ከማውቃቸው ሁሉ ጥንቁቅ ነው።»

«ይችን ስትነዱ ስንት ሰው ትጭናላችሁ?»

«ሠላሳ ያህል።»

«እነዚያን ሁሉ፣» ሐጂ በአገጫቸው ወደ መሰላሉ አመለከቱ፣ «ያችን ባለ ሕፃን፣ በሽተኛውን፣ ሠላሳውን ነፍስ በየቀኑ ያለ ዋስ ትሰጡታላችሁ። ለነፍሳቸው ዋስ ጥራ ያለው የለም፤ ቤት አስይዝ ያለው የለም። የራሱን ነፍስ ይዞ አራት ወር ይሂድ ሲባል ነው ዋስ የምትጠሩት?»

ካፒቴን ሣህሉ ጓንቱን አጣጠፈ። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ ሐጂ» አለ።

«ማን እንዳወጣው አልጠየቅሁህም።»

 ካፒቴኑ እንደገና እጅ ነሥቶ ወደ አውሮፕላኑ ሄደ። ኑርሑሴን የአባቱን ትከሻ ስሞ ተከተለው። በአብራሪዎቹ መካከል ባለችው ተጣጣፊ መቀመጫ ተቀመጠ፤ በዚያን ቀን በቀኙ ወንበር ያለው ልጅ ከእሱ ሁለት ዓመት የሚያንስ ነው፣ አንድ ሰው ከሠልጣኞቹ ቢጎድል ተራው የሚደርሰውም እሱ ነው። ልጁ አላየውም፤ ማብሪያዎቹን ይነካካል።  የቀኙ ሞተር ተነሣ፣ ከዚያ የግራው ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሣ። አቧራው ወደ ሽቦው ሲሄድ ጠባቂው ሰዎቹን ወደ ኋላ በሉ ሲል ይታያል፤ ሁሉም ሸሹ፣ ሐጂ ግን አልተነቃነቁም። ቆባቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ከአቧራው ጨፍነው፣ ባሉበት ቆመዋል። ጠባቂው ክንዳቸውን ይዞ ይጎትታቸዋል። እሳቸው አንድ ነገር ይሉታል፤ ምናልባት ጥያቄውን እሱንም እየጠየቁት ይሆናል።

ኑርሑሴን በትንሿ መስኮት አያቸው፤ አውሮፕላኗ ስትዞር እስኪሰወሩት ድረስ አያቸው። በዚያች ሰዓት አንድ ሰው ዞር ብሎ፣ ትመለሳለህ ወይ ቢለው ኖሮ፣ አዎ ይል ነበር፤ ሊምልም ይችል ነበር። ካፒቴን ሣህሉ ግን ነዳጅ መስጫውን ወደ ፊት ገፋ፤ ጫጫታው ሁሉን ዋጠው፤ የጠየቀውም አልነበረም።